የቤተ ሰብ ምክር፦ ፀሐይ የበላውና ዝገት የበላው

ከደብረ ብርሃን አንዲት የዘወትር አንባቢያችን ደብዳቤ ጽፈውልናል። ጉዳያቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ወይም ስለ ጓዳ ሥራ አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። ባለቤታቸው፣ ሁለት ክፍል ቤት ለመጨመር ተብሎ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተጠራቀመው ገንዘብ ላይ አንሥተው፣ ኋላው ለጭነት ክፍት የሆነ አሮጌ ላንድ ሮቨር ሊገዙ አስበዋል። ሐሳቡ በከንቱ የመጣ አይደለም። ቤተ ሰቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ድንችና ገብስ የሚያመርትበት መሬት አለው፤ ምርቱን ለማጓጓዝ በየጊዜው የሚከፈለው ኪራይም ኪስ የሚያራቁት ሆኗል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ መኪና ያስፈልጋል በሚለው ተስማምተዋል፤ ያልተስማሙት የትኛው ይገዛ በሚለው ነው።

የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜውን በድሬዳዋ ያሳለፈ ነው። የኮፈኑ ቀለም ተገፎ ነጣ ያለው ብረት ይታያል፤ የግራው በር ሰማያዊ፣ የቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ወንበሩ ተቀዳድዶ በጆንያ ተሸፍኗል። ይሁን እንጂ ይሠራል። ሁለተኛው በዚያው በደብረ ብርሃን፣ በአንድ ሰው ግቢ ሣር ላይ ዘጠኝ ክረምት የቆመ ነው። ሞተሩ አይነሣም፤ ነገር ግን ሻጩ በቅርቡ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ስላስቀቡት ከሩቅ ሲያዩት የሙሽራ መኪና ይመስላል። ዋጋውም የመጀመሪያው ሲሶ ነው። አባትየው ልባቸው የወደደው ይህንኑ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ከተቀመጠው ልጃቸው ጋር ሆነው በገዛ እጃቸው ሊያድሱት ይፈልጋሉ። እመቤቲቱ ደብዳቤያቸውን የሚዘጉት እንዲህ ሲሉ ነው፦ «ባለቤቴ ትጉህ ሰው ነው፤ ነገር ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ፈትቶ ያወረደው የጓዳ በር እስከ ዛሬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ለነገሩ ዐይናቸውን በአሮጌ መኪና ላይ የጣሉት እኚህ አባት ብቻ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ፈላጊ ቢያገኝ አያስደንቅም። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ቀለም ቀቢውም ይበዛል።

በዚህ ነገር እኛም ሞኝ ሆነን እናውቃለን። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትንሽ የጭነት መኪና ቀለሙ እያብረቀረቀ አይተን፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ዞረን ገዛን። በሁለተኛው ክረምት የበሩ ግርጌ እንደ እንጀራ ዐይን አወጣ። በጥፍራችን ብንነካው ቀለሙ ተገፈፈ፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ተጨምቆ የተወተፈ ጋዜጣ ወጣ። ላሜራ የሚባል ነገር በቦታው አልነበረም። ጋዜጣውን ዘርግተን ቀኑን ብናነበው መኪናውን ከገዛንበት ቀን በሁለት ወር ብቻ የሚቀድም ሆኖ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ራሳችን እናድሰዋለን ብለን ተነሣን። ስድስት ወር ይበቃናል ያልነው ሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ቅዳሜ የሚባል ቀን ከቤታችን ጠፋ፤ ልጆቻችንም ፊታችንን ከማየት ይልቅ ከመኪናው ሥር የወጣውን እግራችንን ማየት ለመዱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ደብዳቤው እንደ ደረሰን ምክራችንን በወረቀት ከመላክ ይልቅ ሄደን ማየትን መረጥን።

ስለ ላንድ ሮቨር አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ዓመት ስለ ሆነው በእንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ የውጭ አካሉን አብዛኛውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አጥንቱን ማለት ሻንሲውንና፣ ሞተሩን ከተቀማጩ የሚለየውን ግድግዳ ግን ከብረት አደረጉት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ቀለሙ ቢረግፍ፣ ፀሐይ ቢመታው፣ ቢጎደጉድም እንኳ ዕድሜው አያጥርም። ሻንሲው ግን ጠፍጣፋ ብረቶች በጠርዛቸው ተበይደው እንደ ሳጥን የተሠራ ባዶ ቧንቧ ነው፤ ጭቃና ውሃ በቀዳዳ ገብቶ ይተኛበታል፤ ከውስጥ ወደ ውጭም ይበሰብሳል። ስለዚህ የዚህ መኪና ፊቱ ስለ አጥንቱ አንዳች አይናገርም። መልኩ የጠፋው አጥንቱ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ መልከ መልካሙም ሲነሣ ለሁለት ሊሰበር ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ምክር እናርማለን። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አካሉ ላይ አስጠግቶ ስቱኮ ያለበትን ቦታ መፈለግ በቶዮታና በፔጆ ላይ ይሠራል፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ላሜራው የሄደበት ነውና። አሉሚኒየም ግን ማግኔትን ስለማይስብ በላንድ ሮቨር አካል ላይ ይህ ብልሃት ከንቱ ነው። ማግኔቱን ከታች ለሻንሲው እናቆየው።

ቅዳሜ ጧት አባትየው፣ ልጃቸው፣ አንድ መካኒክና እኛ ሆነን ወደ አረንጓዴው ሄድን። እመቤቲቱም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውን መጡ። ሣሩ ጎማዎቹን እስከ ግማሽ ውጧቸዋል። መካኒኩ ትንሽ መዶሻ ይዞ ከሥር ገባና ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያለ መታ መታ ያደርግ ጀመር። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ግን እንደ እርጥብ እንጨት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከፊት በኩል ጮኸ። ወደ መካከል ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ መዶሻው ጨርሶ ገባ፤ አዲሱ አረንጓዴ ቀለም ከዝገቱ ቅርፊት ጋር በልጁ እጅ ላይ ረገፈ። ብረቱ አሉሚኒየሙን በሚነካበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ሆኗል፤ ሁለቱ ማዕድናት በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ መበላቱ አይቀርም። ሊብሬውንም ጠየቅን። ሊብሬው የተጻፈው በሞቱ ሰው ስም ነው፤ ወራሾቹ አምስት ናቸው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ውጭ አገር ይኖራሉ። ሻጩ «እሱ ቀላል ነው» አሉን። አባትየው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እመቤቲቱም ከዚህ ሁሉ በኋላ የጓዳውን በር አለማንሣታቸው ትልቅ ጨዋነት ሆኖ ታየን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሁለ ቀለሙ ሄድን። ይህኛው ባለ 109 ኢንች የሚባለው ዐይነት ሲሆን ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ የሆነ የቤንዚን ሞተር ነው። ሲነሣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፤ አባትየው «ይኸው፣ ሞተሩ አልቋል» ብለው ደስ ሊላቸው ምንም አልቀራቸውም። ነገር ግን ጭስ በቀለሙ ይለያያል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ፋሻ ወይም ቫልቭ አርጅቷል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል፤ የቴስታታ ነገር ያሠጋል። ጥቁር ጭስ ግን ቤንዚን ከአየሩ በላይ በዛ ማለት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው፤ ለዚያ አየር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ በሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል። መካኒኩ የአራቱን ሲሊንደር እመቃ በመለኪያ ለካ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአሥር እጅ አንድ አይሞላም። በመዶሻውም ሻንሲውን መታ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸ፤ የታፈነው የኋላው መሻገሪያ ብረት ብቻ ነው። ይህን አንድ በያጅ በሁለት ቀን ይለውጠዋል። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይስማማል፤ የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎው ተለጥፏል።

እንግዲህ በገዛ እጅ ማደስን እንነቅፋለን ማለት አይደለም። አንድ ወጣት የፍሬን ሲሊንደር ሲፈታ፣ ካንዴላ ሲያጸዳ፣ የተቆረጠ ሽቦ ሲከታተል የሚያገኘው ትዕግሥት በሌላ መንገድ በቀላሉ አይገኝም። (ከጣሊያኖች የቀረው የጋራዥ ቋንቋ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን እያለ የሚናገር ልጅ ሳያውቀው ግማሽ ጣሊያንኛ ይማራል።) የምንነቅፈው፣ ማደስን የቁጠባ መንገድ አድርጎ ማሰብን ነው። የበሰበሰ ሻንሲ ለመለወጥ አካሉ፣ ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ሽቦው ሁሉ ይነሣል። በዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ዛሬም በእንግሊዝ አገር ይሠራል፤ ግን ዋጋውን በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ፣ መርከቡንና ቀረጡን ችሎ ደብረ ብርሃን ማድረስ አንድ ክፍል ቤት መሥራት ነው። በአሮጌ ዕቃ ስሙ ወደ ታወቀው ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ለአንዲት ቡሎን መመላለሱም አለ። ዘጠኝ ክረምት የቆመ መኪና ጎማው፣ ባትሪው፣ ጎማ ነክ ቱቦው፣ ራዲያተሩ፣ የፍሬኑ ላስቲክ ሁሉ አዲስ ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድንቹ በኪራይ መጓዙን ይቀጥላል። ገንዘቡን ለልጁ የሙያ ትምህርት እንደ ተከፈለ የሚቆጥር፣ መኪናውንም ሳይቸኩል የሚጠብቅ ቤት ቢሆን ያዋጣው ይሆናል። ለኑሮው መኪና ለሚፈልግ ቤት ግን አያዋጣም።

የሚሠራው፣ ፊቱ የተበላሸው መኪና ግን እየሠራ ይታደሳል። አንድ ወር ፍሬኑ፣ ሌላ ወር ሽቦው፣ ገንዘብ ሲገኝ ወንበሩ። ቀለሙን ደግሞ ቢተዉት እንመክራለን። የጥንት መኪና ወዳጆች በሚበዙበት በአውሮፓና በአሜሪካ እንኳ፣ የመጀመሪያ ቀለሙ በፀሐይ እንደ ደበዘዘ የቆየውን እንደ አዲስ ከተቀባው አስበልጠው የሚወዱ ጥቂት አይደሉም።

አባትና ልጅ በግቢ ውስጥ መሥራታቸው ካልቀረ እናቶች እነዚህን ነገሮች አጥብቀው ይቈጣጠሩ። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ይደገፍበት፤ ብሎኬትና ሸክላ በድንገት ይፈርሳሉ። የነዳጅ ቋት ቢያፈስ ሰፈር ውስጥ አይበየድ፤ ባዶው ቋት ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳልና። በጥንቱ ቀለም ውስጥ እርሳስ፣ በጥንቱ የፍሬን ሸራ ውስጥም አስቤስቶስ ይገኛሉ፤ ቀለሙ በደረቁ አይፋቅ፣ የፍሬኑ አቧራ በትንፋሽ አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይራቁ። ከሁሉ በፊት የሚታደሰው ፍሬኑ ይሁን። በአብዛኞቹ በእነዚህ አሮጌ መኪናዎች የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ መስመር የሚሠራ ስለ ሆነ፣ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ይጠፋሉ።

ዋጋው በኋላው መሻገሪያ ብረት ምክንያት ጥቂት ተቀነሰ፤ ውሉም ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ተፈረመ። ለአንድ ክፍል የሚበቃው ገንዘብ እንዳለ ተርፏል፤ ሁለተኛው ክፍል ለጊዜው ቆይቷል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ስናልፍ ጎራ ብለን ነበር። መኪናው ከአራት ጉማጅ እንጨት ላይ ቆሟል። ልጁ ከኋላው ጎማ አጠገብ ተንበርክኮ ከፍሬኑ ቱቦ አየር ያስወጣል፤ አባትየው የዘይቱን ጠርሙስ ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። ከመሪው ኋላ፣ በጆንያው ላይ የተቀመጡት እመቤቲቱ ናቸው። ልጁ ከሥር «ርገጪ፣ እማዬ… ያዢው… አሁን ልቀቂ» ይላል፤ እሳቸውም ይረግጣሉ፣ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ። እኛን ባዩን ጊዜ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሡ፣ በመስኮቱ በኩል በጣታቸው ወደ ጓዳው አመለከቱን። በሩ ገና ግድግዳውን እንደ ተደገፈ ነው።