የመፀው ዝናብና የደቡብ ምዕራብ ቡና

በአብዛኛው ኢትዮጵያ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይሸሻል፤ ከቱም እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባለው የቡና አገር ግን በጥቅምትም በኅዳርም ይዘንማል። የቆላው ቡና የሚለቀመውም በዚሁ ወራት ነው። በአልጋ የተሰጣው እሸት ቡና ጀንፈል እስኪሆን በደኅና ፀሐይ እንኳ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

ስለዚህ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የበጋ ወራት ትንበያ ለዚህ አገር ነጋዴ ከገበያ ዋጋ ባላነሰ ሊነበብ የሚገባው ነው። ትንበያው ለሰፊ አገር ዝናቡ ከመደበኛው የመብለጡን ወይም የማነሱን ዕድል ይናገራል እንጂ ማክሰኞ በቴፒ ይዘንማል አይልም፤ ይህን የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው። ኾኖም ኤልኒኞ ሲበረታና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ ምን እንደሚከተል በ1990 ዓ.ም. ታይቷል፤ በጥቅምትና በኅዳር የወረደው ዝናብ በብዙ ስፍራ የደረሰ ሰብል አበላሽቷል።

ምልክቱ በነሐሴ መታወቅ ስለሚጀምር ላኪው የማስረከቢያውን ቀን ሊያራዝም፣ አስመጪው ሸራ አስቀድሞ ሊያዝ፣ ባለሱቁም በመስከረም ለሽያጭ ሊያቀርበው ይገባል። በኅዳር የሚደርስ ሸራ ለማን ይበጃል? ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ የተከመረ ቡና ይሻግታል፤ በቅምሻም ደረጃው ይወርዳል። በጥድፊያ ውል የመጣውን ይህን ኪሳራ ለገበሬው ብቻ ማሸከም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቀኑን የቆረጠው እርሱ አይደለምና።