ለቡሄ ልጆቹ በሶ ይጨብጡ!

ለመሆኑ የሆያ ሆዬ ጨፋሪዎችን ሙልሙል በሳንቲም የቀየረው ማነው? የዱቄቱና የማገዶው ዋጋ ነዋ! ታዲያ የእንጅባራና የዳንግላ ወላጅ ገብስ አጠገቡ እያለ ምን ያስጨንቀዋል? አንዴ ተቆልቶ የተፈጨ በሶ ምጣድም እሳትም አይጠይቅም። ፍልሰታ ነውና ቅቤው ይቅር፤ ማርና ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጉ ማሸት፣ ከዚያ በመዳፍ መጨበጥ። የአምስት ዓመት ልጅ ይችለዋል። (ግማሹን እየላሰ ይጨርሰዋል፤ ይላስ!) ፈረንጅስ ጥቅምት 21 ለሃሎዊን ልጁን ጭንብል አልብሶ ከረሜላ ያስለምነው የለ?

የኛ ጭንቅ ሌላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል ልጅን በማታ ደጅ መልቀቅ ያስፈራል። መንግሥትም ታጣቂውም ነሐሴ 12 ማታ ጥይታቸውን ቢያቆሙ ምን ይጎድልባቸዋል? እስከዚያው ልጆቹ ቤት ውስጥ ይጨብጡ፤ የጎረቤትም ልጅ ይጠራ።