«ከዚያስ ምን ትሠሪበታለሽ?»፦ ሥነ ልቦናን ስለሚመርጡ የዲያስፖራ ልጆች

በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ልጅ «ሥነ ልቦና ማጥናት እፈልጋለሁ» ስትል የምታገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ከዚያስ ምን ትሠሪበታለሽ?» ጥያቄው የወላጆች ኋላ ቀርነት ወይም ለአእምሮ ጤና ያላቸው ንቀት ተደርጎ ሲተች ይሰማል። ፍርዱ ችኩል ነው። ጥያቄው ተገቢ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከጥያቄው በኋላ በሚከተለው ዝምታ ነው። ልጅቱ መልሱን አታውቅም፣ ወላጆቿም አያውቁትም፣ መልሱን ሊያቀርብ የሚገባው ማኅበረሰብም አስቦበት አያውቅም።

የወላጆቹ ስጋት በቁጥር ሲታይ መሠረት አለው። የአሜሪካ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ የሜይ 2023 መረጃ እንደሚያሳየው የነርሶች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 86,070 ዶላር፣ የሳይኮሎጂስቶች ደግሞ 92,740 ዶላር ነበር። ልዩነቱ ሰባት ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም። ነርሷ በአራት ዓመት ዲግሪ ሥራ ትጀምራለች፤ ሳይኮሎጂስቷ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ትማራለች። ብዙዎቹ ማስተርስ ዲግሪ የያዙት የአእምሮ ጤናና የሱስ አማካሪዎች መካከለኛ ገቢ ደግሞ 53,710 ዶላር ብቻ ነበር። በሁለት ሥራ ቤተሰብ ያቆመ አባት እነዚህን ቁጥሮች ሳያያቸው እንኳ በልምድ ያውቃቸዋል። ነርስነትን ቢመክር የሚያስወቅሰው አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ልጅቱ ብቻዋን የምትከፍለውንና ብቻዋን የምታገኘውን እንጂ ማኅበረሰቡ የሚያጣውን አይቆጥርም። ይህን ለመቁጠር መጀመሪያ መንገዱን ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ስም፣ ብዙ መንገድ

ውይይቱን ከሥሩ የሚያጨልመው የስም መደበላለቅ ነው። በአማርኛ ንግግር «ሳይኮሎጂስት» እና «ሳይካትሪስት» እንደ አንድ ሙያ ይጠራሉ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ የሕክምና ትምህርት ጨርሶ በአእምሮ ሕክምና ላይ ስፔሻላይዝ ያደርጋል፣ መድኃኒትም ያዛል። ሳይኮሎጂስት በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች ዶክትሬት ያለው፣ ፈተና ያለፈና በክትትል ሥር የሠራ ባለሙያ ነው፤ ዋና ሥራውም ምርመራ፣ የንግግር ሕክምናና ጥናት ነው። ከእነዚህ ሌላ በማስተርስ ዲግሪ ፈቃድ የሚያገኙ አማካሪዎች፣ የቤተሰብ ቴራፒስቶችና ሶሻል ወርከሮች አሉ። በየሰፈሩ ክሊኒክ የሚገኘውን የንግግር ሕክምና በብዛት የሚሰጡት እነዚህ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ120 ሺህ በላይ ተማሪዎች በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ። ይህ ዲግሪ ለብቻው ማንንም ለማከም አያስፈቅድም። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ሥነ ልቦና» ስትል ምርጫዋን ገና አላደረገችም፤ የምርጫዎቹን ደጃፍ ነው የጠቆመችው። ወላጅ ሊጠይቃት የሚገባው «ከአራቱ መንገዶች በየትኛው?» ነው፤ በዋጋም፣ በዓመትም፣ በገቢም የተለያዩ ናቸውና።

መሰላሉ የሚሰበርበት ቦታ

ብዙ ሰው መሰናክሉ መግቢያው ላይ እንደሆነ ያስባል። መግቢያው ግን ክፍት ነው። ኤፒ ሳይኮሎጂ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በዓመት ከ300 ሺህ በላይ ተማሪዎች ይወስዱታል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሥነ ልቦናን ለሚመርጥ ሁሉ በራቸውን አይዘጉም። መሰላሉ የሚሰበረው መሐል ላይ፣ በዲግሪውና በሙያ ፈቃዱ መካከል ነው።

በምርምር ላይ የተመሠረተው ፒኤችዲ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ መጠነኛ አበልም ይሰጣል፤ ቦታው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በኮሎራዶ ቬይል ከተማ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ የተስፋፋው ሳይዲ የተባለው የሙያ ዶክትሬት ሰፊ ቦታ አለው፤ አብዛኛው ተማሪ ግን የሚከፍለው ከኪሱ ወይም በብድር ነው። በማስተርስ መንገድ የሚሄዱት ከዲግሪው በኋላ በክትትል ሥር የሚሠሩ ሰዓቶችን መሙላት አለባቸው። ቨርጂኒያ ለባለሙያ አማካሪዎች 3,400 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ካሊፎርኒያ ለቤተሰብ ቴራፒስቶች 3,000 ሰዓት። የቨርጂኒያው ሰዓት በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 85 ሳምንት ነው፤ ለእንጀራ ሌላ ሥራ እየሠራች በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ለምትችል ወጣት ከሦስት ዓመት ይበልጣል። ከዲግሪው በፊት ያለው የተግባር ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ከዲግሪው በኋላ ያለው ደግሞ አነስተኛ ነው። አንዳንዶች ሥራቸውን ለሚከታተለው ባለሙያ ራሳቸው እስከ መክፈል ይደርሳሉ።

በዚህ ላይ የብድሩ ሕግ ተለውጧል። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሙሉ ወጪያቸውን የሚበደሩበትን «ግራድ ፕላስ» የተባለ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቷል፤ የመደበኛ ድኅረ ምረቃ ተማሪን የፌዴራል ብድርም በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር ላይ ገድቧል። ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ማስተርስ የምትገባው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ጣሪያው ተማሪን ከከባድ ዕዳ ሊጠብቅ፣ ዩኒቨርሲቲዎችንም ክፍያ እንዲቀንሱ ሊገፋ ይችላል። ነገር ግን ክፍያው እስኪቀንስ ድረስ ክፍተቱን የሚሞላው የቤተሰብ ሀብት ነው፤ ሀብት የሌላት መሐል ላይ ትቀራለች።

ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በእንግሊዝ የክሊኒካል ሥነ ልቦና ዶክትሬት የሚማሩት በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ በደመወዝ የተቀጠሩ ሆነው ነው፤ ውድድሩ ብርቱ ቢሆንም ያለፈ ሰው ኪራይ ለመክፈል አይጨነቅም። ጀርመንም የሠልጣኞች ክፍያ ማነስ ለዓመታት ካከራከረ በኋላ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ፈቃዱ ማስተርሱ እንዳለቀ እንዲሰጥ አድርጋለች። መሐሉን ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የፖሊሲ ምርጫ ነው።

የአሜሪካው ምርጫ ውጤት በቋንቋ ይታያል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው ጥናት በስፓኒሽ አገልግሎት መስጠት እንደሚችሉ የተናገሩት ሳይኮሎጂስቶች ከመቶ 6 እንኳ አልሞሉም። በአስር ሚሊዮኖች የሚነገር ቋንቋ እንዲህ ከሆነ የአማርኛው ዕጣ ግልጽ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆኖም ሕግ ቅጽ ያስተረጉማል፣ አስተርጓሚም ያስመድባል እንጂ ባለሙያ አይወልድም።

ልጅቱ በእጇ የያዘችው ሀብት

በብዙ የስደተኛ ቤቶች የመጀመሪያዋ አስተርጓሚ ልጅቱ ራሷ ናት። በአሜሪካ የጤና ተቋማት ላይ ተፈጻሚ የሆነው የፌዴራል ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀምን ይከለክላል፤ ኑሮው ግን ደንቡን ሁልጊዜ አይጠብቅም። አያቷ ለሐኪሙ «ሆዴን ባሰኝ» ስትል ልጅቱ የጨጓራ ሕመም ብላ ብትተረጉም ሐኪሙ የሚያዝዘው የሆድ ምርመራ ነው። ሐኪሙ ስለ «ዲፕሬሽን» ሲጠይቅ ደግሞ በአማርኛ የሚገኘው ቃል «ድብርት» ነው፤ «ደበረኝ» ግን በየዕለቱ ንግግር ሥራ ፈትቶ የተሰላቸ ሰው የሚለው ነው። ስለዚህ አያት «አይ፣ ለድብርት ጊዜም የለኝ» ብላ ልትመልስ ትችላለች፤ ቅጹም «ችግር የለም» ተብሎ ይሞላል።

ይህን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ በዩኒቨርሲቲ አይሸመትም። ዲፕሬሽንን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚያገለግለው ባለዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ሳይንሱንም ቋንቋውንም የያዘ ሰው ነው። ችግሩ ቋንቋ ካልተጠቀሙበት የሚሳሳ ሀብት መሆኑ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አማርኛ ማንበብ ያልለመደች ልጅ በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ በሥራና በልምምድ በተወጠረችበት ጊዜ፣ ትጀምረዋለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ስለዚህ ለዚህ ሙያ በዚህ ዕድሜ የሚደረገው ዝግጅት ርካሽና ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ፊደሉንና ንባቡን መያዝ ነው። ሁለተኛው ስታትስቲክስ ነው። ሥነ ልቦና የምክር ጥበብ ብቻ የሚመስላቸው ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሚደነግጡት በቁጥሩ ነው። ሙያው ራሱን በቁጥር የሚመረምር ሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ ጥናቶችን ደግመው ሲሠሩ፣ ስታትስቲካዊ ትርጉም ያለው ውጤት የተገኘው ከመቶ 36ቱ ላይ ብቻ ነበር። ይህን ታሪክ በጊዜ የምታውቅ ልጅ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚናፈሰው የ«ሥነ ልቦና» ወሬ ትድናለች።

ሦስተኛው ሙያውን በአነስተኛ ዋጋ መቅመስ ነው። ለምሳሌ ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናት ጋር የሚሠራው የተመዘገበ የባሕርይ ቴክኒሻን የሚጠየቀው 18 ዓመት መሙላት፣ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ፣ የ40 ሰዓት ሥልጠናና ፈተና ነው። ሥራው ደመወዝ አለው። ከሰው ጭንቀት ጋር በየቀኑ መዋልን የማትችል ልጅ ይህን በአንድ ክረምት ብትረዳው ከአሥር ዓመትና ከብዙ ዕዳ ትድናለች፤ የምትችለውም እርግጠኛ ሆና ትገባበታለች።

«ገበናዬን ለሀገሬ ልጅ?»

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ታካሚውና አካሚዋ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ በአንድ ለቅሶ፣ በአንድ ዕቁብ ይገናኛሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ማኅበረሰብ ራሱ ገበና እንዳይወጣ አጥብቆ ይጠነቀቃል። አንዳንድ ሰው የሚያውቀው ሰው ከሚሰማበት እንግዳ አስተርጓሚ ቢሰማው ይመርጣል። ይህ ስጋት በስብከት የሚለቅ አይደለም።

መልሱ ርቀት ነው። ከ40 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች የገቡበት «ሳይፓክት» የተባለ ስምምነት አንድ ሳይኮሎጂስት አስፈላጊውን ፈቃድ አግኝቶ በሌሎቹ አባል ግዛቶች ያሉ ታካሚዎችን በቪዲዮ እንዲያክም ያስችላል። የሲያትሏ ታካሚ ሚኒያፖሊስ ካለች፣ ዘመዶቿን ከማታውቅ ባለሙያ ጋር በአማርኛ መነጋገር ትችላለች። ርቀቱ የሚጠቅመው ግን በየከተማው ቢያንስ ጥቂት ባለሙያዎች ሲኖሩ ነው፤ አንዲት ብቻ ያለችበት ሙያ ሁልጊዜ የመንደር ሙያ ነው። የገበና ስጋት ያነሰ ሳይሆን የበዛ ባለሙያ እንዲኖር የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጅቱ ነው፤ «የማኅበረሰቡ አገልጋይ እንድሆን የፈረደብኝ ማነው?» ማንም። ምርምርን፣ የድርጅት ሥነ ልቦናን ወይም የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ታካሚዎችን ብትመርጥ መብቷ ነው። ማኅበረሰቡ በአማርኛ እንድታገለግለው ከፈለገ ግን ዋጋውን በምክርና በምርቃት ብቻ ሊከፍል አይችልም።

ገንዘቡ የት ይዋል?

የዲያስፖራ ማኅበራት ለወጣቶች የሚሰጡት ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ላይ የሚበረከት ሽልማት ነው። ፎቶግራፉ ያምራል፤ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ ሽልማቱ የሚያርፈው በሩ ክፍት በሆነበት ቦታ ነውና። ያው ገንዘብ ፈቃድ ለማግኘት ሰዓት እየሞላች ላለች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ወርኃዊ ድጎማ ቢሆን፣ ወይም በአማርኛ የሚደረገውን ሕክምና ሰምቶ ሊያርም ለሚችል ፈቃድ ላለው ተቆጣጣሪ ባለሙያ ክፍያ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዶላር አንድ ሙሉ ባለሙያ ወደማትረፍ ይቀርባል። በምላሹ የተወሰነ ዓመት አገልግሎት በውል መጠየቅ ይቻላል፤ የፌዴራሉ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ኮርም ባለሙያ በጎደለባቸው አካባቢዎች ለሚሠሩ ብድር የሚከፍለው በዚሁ መርሕ ነው።

ሥልጠናን ፍላጎቱ ወዳለበት ማምጣት እንደሚሠራ ከኢትዮጵያ የተሻለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች በመተባበር ሥልጠናውን አዲስ አበባ ላይ ጀመሩ፤ መምህራኑ ከካናዳ እየተመላለሱ አስተማሩ። ከተመረቁት አብዛኞቹ አገር ውስጥ ቀርተው ተተኪዎቻቸውን ማሠልጠን ቻሉ። ለዚህ ውጤት ገንዘቡም ሆነ የመምህራኑ ጊዜ የዋለው ሠልጣኙ መሐል መንገድ ላይ በሚጠፋበት ቦታ ላይ ነው።

«ከዚያስ ምን ትሠሪበታለሽ?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ መነሳቱን ይቀጥል፤ መልሱ ግን ለልጅቱ ብቻ አይተው። እሷ የምትመርጠውን መንገድ፣ የዓመቱን ብዛትና ዕዳውን በወረቀት ላይ ታስቀምጥ። ወላጆቿ የነርስነትን ገቢ ሲያነሱ የንባብና የስታትስቲክስ ጊዜዋንም ይጠብቁላት። ማኅበሩ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሠልጣኝ የክትትል ሰዓት የሚከፈል ገንዘብ ይመድብ። አንድ ሠልጣኝ ጥቂት ይመስላል፤ በአንድ ከተማ ግን በአማርኛ የሚያክም ባለሙያ በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሰው ነው።