ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ፊደል አቀማመጥም ይማር

በቅርቡ አንዲት እናት ደውለው ጥያቄ አቀረቡልኝ። ልጃቸው የሠርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እጁ ፈጣን ነው ይላሉ። ነገር ግን አንድ ደንበኛ «ቪዲዮው ጥሩ ነው፤ ጽሑፉና ሽፋኑ ግን አያምርም» ብሎ ቀጣዩን ሥራ ለሌላ ሰጠበት። ልጁ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ባይ ነው። የእናቱ የእቁብ ተራ ደግሞ ደርሷል። «ልግዛለት ወይስ ይቅር?» ነው ጥያቄያቸው።

ሙያዬ ነርስነት ነው፤ ሆኖም በጤና ትምህርት ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ፖስተር ሰቅያለሁ። የትኛው እንደሚነበብ፣ የትኛው ደግሞ ግድግዳ ብቻ እንደሚሸፍን ቆሜ አይቻለሁ። ለእኚህ እናት የመለስኩላቸውም ከዚያው ነው፤ ብሩ ለጊዜው ይቆይ። ደንበኛው የወቀሰው የኮምፒውተሩን ፍጥነት አይደለም።

ቪዲዮ ኤዲተር በጊዜ ነው የሚያስበው። አንዱ ምስል ያልተናገረውን ቀጣዩ ይናገርለታል፤ ሙዚቃውም ያግዘዋል። የቪዲዮ ሽፋን፣ የጥሪ ካርድ ወይም ማስታወቂያ ግን ቀጣይ የለውም። ያለችውን በአንድ ጊዜ፣ ያለ ድምፅ መናገር አለባት። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ስለሚሰጠው ኦ አር ኤስ የሚያስተምር ፖስተር አስቡ። የምታነበው እናት ልጅ አዝላ ቆማ ነው። አንድ ከረጢት፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ይኸው ነው የሚገባው። አሥር ምክር የጨመርንበት ፖስተር አንዱንም ሳያስተምር ይቀራል። ግራፊክ ዲዛይን የሚባለው ትምህርት ግማሹ ይህ ነው፤ ምን ይቅደም፣ ምን ይነስ፣ ምን ይውጣ ብሎ መወሰን።

ይህ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ያውቀዋል። ቁም ጸሐፊው አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምርበታል፤ የዳር ባዶውን ይለካል፤ ገጹን በዓምድ ይከፍለዋል። ለጽሑፉ ሁለት ቀለም ይበቃዋል፤ ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለመጀመሪያውና ለቅዱሳን ስም። መጽሐፉ የሚጀመርበት ቦታ ላይ ሐረግ ይሳላል፤ ዓይንም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። የዛሬው ልጅ ግን በአንድ ሽፋን ላይ አምስት ቀለም፣ አራት ዓይነት ፎንትና የሚያብረቀርቅ ጥላ ይደራርባል። ልጃችሁን ወደ ቤተ መዘክር ወስዳችሁ አንድ የብራና ገጽ ፊት ብታቆሙት ብዙ ይማራል ባይ ነኝ።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ ርዕስን ከዝርዝር የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ትንሿ ጭረት ያለችበት ቦታ ብቻ ናት። ፊደሉን አወፍረው ዙሪያውን ሌላ ቀለም ሲያጥሩበት ያቺ ጭረት ትዋጣለች፤ የሙሽራዋም ስም ሌላ ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ብቻ የተሠራ ፎንት ሲመረጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ አማርኛውን በሌላ ይተካዋል ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያል። ለአማርኛ የተሠሩ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፎንቶች አሉ፤ አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መጥቀስ ይቻላል። ከሁለት ፎንት አይለፍ።

አያቶችም እዚህ ላይ ሥራ አላችሁ። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርቡን አጥርቶ ማየት እየከበደ ይሄዳል፤ ይህ የዓይናችን ድካም ለልጁ ጥሩ መፈተኛ ነው። የሠራውን በስልክ ላይ አሳንሶ ያሳያችሁ። ሦስት ሰከንድ አይታችሁ ዓይናችሁን መልሱና ያነበባችሁትን ንገሩት። «ያምራል» አትበሉት፤ «ጎሽ»ም ይቆይ። «የሠርግ ነው መሰለኝ፣ ስሙን ግን አላየሁትም» ማለት ነው የሚጠቅመው። በቀይ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ካደረገም እንዲቀይር ንገሩት፤ ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች። ዩቲዩብ ደግሞ የቪዲዮውን ርዝመት በሽፋኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ ላይ ስለሚጽፍ ቁም ነገሩን እዚያ አያስቀምጥ።

ልምምዱ ብዙ ወጪ የለውም። በሳምንት አንድ ቀን የሚወደውን ፊልም መግቢያ ላይ ያቁመውና ጽሑፉ የት እንዳረፈ፣ ስንት ባዶ ቦታ እንደተተወለት በእርሳስ በወረቀት ላይ ይሳለው። ሶል ባስ የሚባል አሜሪካዊ ግራፊክ ዲዛይነር ነበር። ከፖስተር ሥራ ተነሥቶ ነው የፊልም መግቢያ መሥራት የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1955 «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» ለተባለው ፊልም በጥቁር ላይ ጥቂት ነጭ ቁራጮችን ብቻ አንቀሳቅሶ ነው ታዋቂ የሆነው። ልጃችሁ ያንኑ መንገድ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምረዋል። ማንቀሳቀሱን ያውቅበታል፤ የሚቀረው ማቆሙ ነው።

ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እውነተኛ ነገር ይሥራ፤ የጎረቤት ሱቅ የዋጋ ዝርዝር፣ የክርስትና ጥሪ፣ የእድር ማስታወቂያ። ኢንክስኬፕና ጊምፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ለዚህ ያለው ኮምፒውተር ይበቃዋል። አንዱን ሥራም እስከ ማተሚያ ቤት ይከታተለው። በስክሪን ላይ ቀለም ከብርሃን ነው የሚሠራው፣ በወረቀት ላይ ከቀለም፤ የሚያበራው ሰማያዊ ታትሞ ሲወጣ የደበዘዘበት ልጅ ሁለተኛ አይረሳውም። ጽሑፉን ወደ ቪዲዮ ሲመልሰው ደግሞ ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ የሚያነብበትን ያህል ጊዜ ስክሪን ላይ ያቆየው።

ሦስት ወር እንዲህ ከሠራ የእቁቡ ነገር ይነሣ። እኔ ብሆን ያኔም ከኮምፒውተሩ በፊት ትምህርቱን አስቀድም ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፤ በየሰፈሩም አጫጭር ኮርስ የሚሰጡ ሞልተዋል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ መምህሩ የተማሪውን ሥራ ተቀምጦ ያርማል ወይስ የፕሮግራሙን ቁልፎች ብቻ ያሳያል? ቁልፎቹን ብቻ ከሆነ ልጃችሁ ያንን ከስልኩም ይማረዋል።