«ጄ06.9» ተባልኩ፣ ምን ይሻለኛል?

የዛሬዋ ጠያቂያችን በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤዋን አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«አፍንጫዬ ተዘግቶ፣ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ መርፌም አንቲባዮቲክም ሳያዝልኝ የሦስት ቀን እረፍት ጽፎ ሸኘኝ። ወረቀቱን መሥሪያ ቤት ሳስገባ ግን የበሽታው ስም ቦታ ላይ 'ጄ06.9' ይላል። ያየችው ባልደረባዬ 'ይሄማ የቲቢ ቁጥር ነው' ብላ አስወራችብኝ። አሁን አብሮኝ ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። ሐኪሙ ደብቆኝ ይሆን? ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ልጀምር ወይ?»

እህታችን፣ አይዞሽ! የተደበቀ ነገር የለም። «ጄ06.9» ማለት በቀላል አማርኛ ጉንፋን ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚያዘጋጀው የበሽታዎች መለያ ዝርዝር አለ። መነሻው ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዣክ በርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ሲሆን፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ተረክቦታል። አንዱ ሐኪም «ጉንፋን»፣ ሌላው «ብርድ» ቢል መቁጠር ስለሚያስቸግር፣ ለእያንዳንዱ በሽታ ፊደልና ቁጥር ተሰጠው።

በአሥረኛው እትም «ጄ» የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ምዕራፍ ነው። ከ00 እስከ 06 ያሉት ድንገት የሚይዙ የአፍንጫ፣ የሳይነስ፣ የቶንሲልና የጉሮሮ ሕመሞች ናቸው። የሳንባ ምች ከ12 እስከ 18 ነው። ቲቢ ደግሞ ጭራሽ «ኤ» ምዕራፍ ውስጥ፣ ከ15 እስከ 19 ይገኛል። ባልደረባሽ ፊደሉንም ቁጥሩንም ተሳስታለች!

«ነጥብ 9»ስ? «ተለይቶ ያልተገለጸ» ማለት ነው። ሐኪሙ ግራ ገብቶት አይምሰልሽ። ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። የትኛው እንደያዘሽ ቢታወቅም እንኳ ሕክምናው ያው እረፍት፣ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ፣ ገንዘብሽን በላቦራቶሪ ማስጨረስ አላስፈለገውም።

አሞክሳሲሊኑን ግን ተይው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ትርፉ ተቅማጥና ሽፍታ ሊሆን ይችላል። ከዚያም የባሰው፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱና የእውነት ሲያስፈልግሽ አልሠራም ይላል። «መርፌ ካልወጋኝ ምኑን ታከምኩት» የሚለው አባባላችን ብዙ ጎድቶናል። ዝንጅብል በማር ጠጪ፣ ትኩስ ሾርባ አይለይሽ፣ እንቅልፍሽን ጥገቢ። ራስ ምታትና ትኩሳት ካለ ፓራሲታሞል ይበቃል። ስታስነጥሺ አፍሽን ሸፍኚ፣ እጅሽን ታጠቢ።

ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቃል። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ከተፋሽ፣ ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ ካልወረደ ወይም ተሽሎሽ እንደገና ከባሰብሽ ቶሎ ተመለሺ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ደግሞ የቲቢ ምርመራ ማድረግ አያሳፍርም። ቲቢም ቢሆን የሚድን በሽታ እንጂ የሐሜት ርዕስ አይደለም።

ስለ ሥራሽ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። የሚጠበቅብሽ በማግስቱ ማሳወቅና መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት ማስረጃ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል። ወረቀቱን በየጠረጴዛው አታዙሪው፤ በፖስታ አሽገሽ ለሚመለከተው ኃላፊ ብቻ ስጪ።

ሻይ ለሸሹሽ ጓደኞችሽም ይህቺን ጽሑፍ አስነብቢያቸው። ነገ እነሱም «ጄ06.9» መባላቸው አይቀርምና!