ገላ ለገላ ነፃ አይደለም፤ ከፋይዋ ስለማትታይ ነው

ስለ ካንጋሮ እንክብካቤ በተወራ ቁጥር አብራ የማትቀር አንዲት ሐረግ አለች፦ «ወጪ የሌለው ዘዴ»። በሥልጠናው ትባላለች፣ በሪፖርቱ ትጻፋለች፣ በዜናው ትደገማለች። ለእኔ ግን ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ልጆቻችን ከዚህች ሐረግ የባሰ ጠላት የለም። ወጪ የለውም ለተባለ ነገር በጀት አይያዝም፤ በጀት ያልተያዘለት ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ዘዴው ምን እንደሆነ እንነጋገር። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ወይም ክብደቱ በጣም ያነሰ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ስቡ ትንሽ ነው። ሲበርደው ያለችውን ጉልበት ለመሞቅ ይጨርሳታል፤ ትንፋሹ ይዛባል፣ መጥባት ያቅተዋል። ካንጋሮ ማለት ይህን ሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በጨርቅ አጥብቆ ማሰር፣ ከላይ ጋቢ መደረብ ነው። መጥባት ካልቻለ ወተቷ ታልቦ በትንሽ ስኒ ይሰጠዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ባለችው ሰቆጣ፣ ሌሊቱን የቀመሰ ሰው የሙቀትን ዋጋ ያውቃል።

ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው፤ ሙቀት ክፍል ሞልቶ ሕፃናት ተደራርበው በሚተኙበት ሆስፒታል። «የድሃ አገር ብልሃት» ተብሎ የተናቀውም ለዚህ ነው። ሆኖም እኛው አገር፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ዘዴውን ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ሕፃናት 38 በመቶው ሲሞቱ፣ ቶሎ ካንጋሮ ከጀመሩት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ «ግንዛቤ እንፍጠር» እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያስጠናው ጥናት ወጣ። ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ፣ እንደተወለደ እናቱ ደረት ላይ ሲደረግ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወረዱ። ድርጅቱም በቀጣዩ ዓመት መመሪያውን ቀየረ፦ በራሱ መተንፈስ ካልቻለና ከመሳሰሉት በቀር ቶሎ ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ አለ።

ከዚህ ጥናት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በእነዚያ ሆስፒታሎች የእናትየዋ አልጋ ሕፃኑ ወደሚታከምበት ክፍል ገብቷል። እናት ወዲያ ማዶ ተኝታ፣ ልጅ ወዲህ ሙቀት ክፍል ተዘግቶበት፣ በሰዓት እየተጠራች «ነይ አጥቢ» የምትባልበት አሠራር ተሽሯል። አልጋ ደግሞ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ዋግ እንምጣ። ከሰሃላ ወይም ከዝቋላ ቆላ ተነሥታ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የደረሰች እናት አስቡ። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው እሷ ነች። ልጇ ደረቷ ላይ ለሳምንታት ሲታሰር ያ ሁሉ ሥራ ማን ላይ ይወድቃል? አስታማሚዋ ከተማው ውስጥ የት ያድራል? ምን ይበላል? እሷስ አራስ ነች፤ ገንፎና አጥሚት የሚገባት ሰው ነች። አምቡላንስ ቢያመጣት ማን ይመልሳታል? ድርቅ ደጋግሞ በሚመታው አገር ይህን ሁሉ ሸፍኚ ተብላ ስታቅታት ልጇን አቅፋ ትወጣለች። ካርዷ ላይ «ያለ ሐኪም ፈቃድ ወጣች» ተብሎ ይጻፋል። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «የግንዛቤ እጥረት» ይሆናል።

የግንዛቤ እጥረቱ የማን ነው? የዋግ እናት ልጅን በገላ ማሞቅ ከሥልጠና አትማርም። በኽምጣና ቋንቋ በወጉ ቢነገራት፣ አያቲቱም አብራ ብትሰማ፣ አይገባትም የሚል ካለ እናቶቹን አያውቃቸውም።

የሰቆጣን ስም የተሸከመውን ቃል ኪዳንም እናስታውስ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል የገባው በዚህች ከተማ ስም ነው። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ለመቀንጨር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በሕይወት የመጀመሪያ ሳምንት ያልያዝነውን ልጅ በሁለተኛ ዓመቱ ልንለካው አንችልም። የአገሪቱ የጨቅላዎች ሞት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱት 29 ነበር፤ የ2019ኙ ጥናት 33 አገኘ።

«ከጦርነት የወጣ ዞን ነው፣ ገንዘብ የለም» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ጦርነቱ እኮ ያስተማረን ይህንኑ ነው፦ መሣሪያ ይዘረፋል፣ መብራት ይቋረጣል፣ መለዋወጫ አይመጣም። የእናት ደረት ግን መብራት ሲጠፋ አይቀዘቅዝም። ማሽን አያስፈልግም አላልኩም፤ መተንፈስ ላቃተው ሕፃን ኦክስጅን የግድ ነው። የምለው፣ ለሙቀት ክፍል ርክክብ ካሜራ ተሰልፎ ለእናት ፍራሽ ሲጠየቅ «በጀት የለም» አይባል ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። አንደኛ፣ ሕፃኑ ባለበት ክፍል ለእናትየዋ አልጋ። ሁለተኛ፣ እስክትወጣ ድረስ ለእሷና ለአስታማሚዋ ምግብ። በየጤና ጣቢያው ለወላድ ገንፎ ማዘጋጀት የቻለ አገር ይህ አያቅተውም። ሦስተኛ፣ መመለሻ ትራንስፖርትና ቤቷ ድረስ የሚከታተል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። አራተኛ፣ አባትና አያት በር ላይ አይከልከሉ፤ እናት ስትደክም ይቀበሏት። አባቶችም ደረት አላቸው።

እነዚህ አራቱ በዞኑ በጀት ላይ በስማቸው እስኪጻፉ ድረስ «ወጪ የሌለው» የምትለዋን ሐረግ ተዉአት። ሒሳቡ እየተከፈለ ነው፤ የምትከፍለው እናት ነች። እሷ መክፈል ሲያቅታት ደግሞ ልጁ ይከፍላል።