ቤታችን ሲበረበር፦ ሕጉ ምን ይላል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ፍተሻ አዲስ ነገር አይደለም። ከመኪና ወርዶ፣ ቦርሳውን አሳይቶ መንገዱን ይቀጥላል። ከምእመናን የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል፦ “ፓስተር፣ ስልክህን ክፈት ሲሉኝ ወይም ማታ ደጄን ሲያንኳኩ ‘ትእዛዝ አላችሁ?’ ብዬ ብጠይቅ በባለ ሥልጣን ላይ ማመፅ ይሆንብኛል?”

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰውነታችንን፣ ቤታችንንና ንብረታችንን ከብርበራ ይጠብቃል። ደብዳቤና የስልክ ግንኙነትም አይደፈርም ይላል፤ በእኔ ንባብ የጸሎት ቡድናችን የቴሌግራም መልእክትም ከዚሁ ይቆጠራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዝርዝሩን አስቀመጠ፦ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይመጣል፤ በትእዛዙ ከተጠቀሰው ዕቃ ሌላ አይወስድም፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ትእዛዝ የሚገባው ወንጀለኛ እያሳደደ ሲሆን፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ትእዛዝ እስኪወጣ ይሸሻል ብሎ በበቂ ምክንያት ሲያምን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን እንግዳ ሆነብን? ከተሞቻችን በጦርነት በተያዙበት ሰሞን፣ በጥቅምት 2014፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በሐምሌ 2015 ደግሞ በክልላችን ግጭት ምክንያት ሌላ ታወጀ። ሁለቱም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ፈቀዱ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይነኩም ካላቸው መብቶች ውስጥ አንቀጽ 26ን አላስገባም። የፊተኛው አዋጅ በየካቲት 2014 ተነሣ፤ የኋለኛው በ2016 አበቃ። ልማዱ ግን በፈታሹም በተፈታሹም ልብ ውስጥ ቀረ።

ሮሜ 13ን የሚጠቅሱልኝ ወገኖች አሉ። እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ዘዳግም 24፥10-11ን አብረን እናንብብ። አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ሲመጣ ወደ ተበዳሪው ቤት አይገባም፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠይቀው ገንዘብ የራሱ ነው፣ መብትም አለው፤ ደጁን ግን አያልፍም! ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 22 ሊገርፉት ሲያስሩት ሕጉ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ የመቶ አለቃውን ጠየቀ እንጂ አልታገለም። በደርግ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ደብቀው በየቤቱ የጸለዩ ታላላቆቻችን የደጅን ዋጋ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ስለዚህ ትእዛዙን በትሕትና ጠይቁ፤ የሚወሰደው ዕቃ ተመዝግቦ ገለልተኛ ሰው እንዲፈርምበት ለምኑ። መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ግን ግብግብ አትግጠሙ፤ የሚፈትሸውም ልጅ ይፈራል። እምቢ ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተወሰደውን ጽፋችሁ በማግስቱ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።